«አጥንቱ አልቋል» ላሉኝ ሐኪም

ለክቡር ዶክተር ደመላሽ፣
በደብረ ማርቆስ የነጭ ረድፍ የጥርስ ክሊኒክ ባለቤትና ዋና ሐኪም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና አጥብቄ እጠይቃለሁ። ያለ መሣሪያ ድድ ሰንጥቆ አጥንት የሚያይ ዓይን በአገራችን ሌላ ስለሌለ፣ መድኃኔ ዓለም ይጠብቅልን።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እባላለሁ፤ ደብረ ኤልያስ ዜማ አስተምራለሁ። በስሜ ባያስታውሱኝም በጥርሴ ያስታውሱኝ ይሆናል፤ የታች የፊት ጥርሶቼ እርስዎ ዘንድ ቀርተዋልና። ባለፈው ክረምት ድዴ እየደማ፣ ጥርሴም ነቅነቅ እያለ ቢያስቸግረኝ ከባለቤቴ ከወይዘሮ ብዙዬ ጋር ወደ እርስዎ መጣን። በርዎ ላይ «በራጅ የታገዘ ምርመራ» የሚለውን አንብበን ደስ ብሎን ነበር። ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ጊዜዬን ስለቆጠቡልኝ። ስልክዎን ከጆሮዎ ሳያወርዱ ጥርሶቼን በጣትዎ ነካ ነካ አድርገው «አጥንቱ አልቋል፤ ይነቀላሉ» ብለው ፈረዱ። ባለቤቴ «አጥንቱን በምን አዩት፣ ዶክተር?» ብትልዎ «በልምድ ነው፣ እናቴ» አሏት። እርስዎን የሚያህል ልጅ ባይኖራትም እናትነቱን ተቀበለች።

፪ኛ፦ የራጅ መሣሪያውን በጥንቃቄ ስለያዙት። ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ፣ ክንዱ ላይ የሠራተኞች ጃንጥላ ተሰቅሎበት አየሁት። ነርሷን ሲስተር ዘቢደርን ብጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይበላሻል ብለው አያስነኩንም፣ የኔታ» አለችኝ።

፫ኛ፦ ስለ አዲሱ ዜማ። ጥርሶቼ ከወጡ ወዲህ «ሰ» እና «ጸ» ባልኩ ቁጥር ፉጨት ያመልጠኛል። ተማሪዎቼ የዜማው ስልት መስሏቸው ፉጨቱን ጭምር አጠኑት። አንድ ቀን ጉባኤው በአንድነት ሲያፏጭ ሰምቼ መጽሐፉን አጥፌ ወጣሁ። ዛሬ በማኅሌት የመሪነቱን ቦታ ለተማሪዬ ለአወቀ ለቅቄ፣ መቋሚያዬን ይዤ ከኋላ እቆማለሁ። አፌን አልከፍትም።

የቀሩትን የታች ጥርሶቼን ሊነቅሉ በቀጠሩኝ ቀን ባለመምጣቴ ይቅርታ። ልጄ የኔአለም «አባባ፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሱ» ብላ ባሕር ዳር ወስዳኝ ነው። ዶክተር ሂዊ የምትባል ወጣት ሐኪም ራጅ አንስታ ምስሉን ወደ እኔ አዞረችው። ጥርስ መሬት ውስጥ እንደተተከለ ችካል ነው፤ አጥንቱ ሥሩን እስከ የት እንዳቀፈው በራጅ እንጂ በጣት አይታወቅም አለችኝ። የእኔ አጥንት ጥቂት ዝቅ ቢልም አብዛኛውን ሥር ይዟል፤ ከድዱ ሥር የደደረው ቆሻሻ ሲጠረግ ጥርሶቹ ይጠነክራሉ። ቀጥላ እርስዎ ባዶ ያስቀሩትን ቦታ ተመለከተች።

«የኔታ፣ እዚህም እኮ አጥንቱ አለ። እነዚህ ለምን ተነቀሉ?»

ልጄ አለቀሰች። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ እኔ ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።

አጥንቱ በእርግጥ ያለቀበት አንድ ጥርስ ግን ተገኝቷል፤ እርስዎ «ይኼስ ዕድሜ ልክዎን ያገለግልዎታል» ብለው ያሞገሱት የኋላ መንጋጋዬ ነው። እሱን ዶክተር ሂዊ ነቀለችው። ምክንያቱን በዓይኔ ስላየሁ ቅር አላለኝም። የቀሩት ተጠርገው ጠንክረዋል።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ልምድ ያሉትን ነገር እኔ በስሙ ልጥራው፤ ስንፍና ነው። ከሉማሜና ከይጁቤ ድረስ እርስዎን አምኖ የሚመጣ ሰው አለና፣ ወይ መሣሪያውን ይሥሩበት፣ ወይ የበርዎን ጽሑፍ ያንሱት።

ውለታዎን እህል ባላመጠ ቁጥር የሚያስታውስ፣
መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል
ከደብረ ኤልያስ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ለክትትል ባሕር ዳር ዶክተር ሂዊ ዘንድ በሄድኩበት ቀን ጉንጭዎን በመሐረብ ይዘው ወረፋ ሲጠብቁ አየሁዎ። ሰላም ልልዎ ተጠግቼ ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ያለችውን ነርስ «ራጅ ሳልነሳ ማንም ጥርሴን እንዳይነካ» ሲሏት ስለሰማሁ፣ እንዲህ ያለውን መልካም ምክር ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ተመለስኩ።