የጅማው ባለሙያ

ሚዛን ተፈሪ፣ ጥር 30 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ ሙሴ፣

ቱም ከተማ፣ እህትህ ዘንድ መሆንህን የነገረኝ ሾፌሩ ባምላኩ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህም እሱ ነው። እንደ ወጉ ስለ ጤናህ ጠይቄ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንደዚያ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ስለ ኮርቻው ልጻፍልህ።

ታውቃለህ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ኮርቻው ቡና መጋዘኔ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር የቆየው። ወንድሜ ብሩክ የማሻ አገር ልጅ ሊያገባ ሲል የሙሽራዋ መንደር መኪና አይገባበትም፣ ሙሽራው በፈረስ ይምጣ ተባለና አወረድኩት። የሚዛን ክረምት ሠርቶበታል፤ ቆዳው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፣ የልጓሙ ጠፍር እንደ ጭራሮ ደርቋል። ነጋዴ ነኝና "ይጣል፣ ሌላ ይገዛ" አልኩ። ቆዳ መሥራት ሙያህ ነውና አንተ ግን ወደ አፍንጫህ አስጠግተህ አሸተትከው።

"ወሰኔ፣ ይሄ ገና አልሞተም። ለቀብር አትቸኩይ።"

ያን ሳምንት ግቢዬ ውስጥ ሠራህ። ሻጋታውን አጥሩ ጥግ ድረስ ወስደህ በደረቅ ብሩሽ አራገፍከው፤ "ቤት ውስጥ ካራገፍኩት ጫማሽም ያበቅላል" እያልክ። በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ጠርገህ ጥላ ላይ አሳደርከው። እኔ ቶሎ ይድረቅ ብዬ ቡና ማስጫው ላይ ፀሐይ ባስመታው እንዴት እንደጮህክብኝ!

"ቆዳ ነው እኮ፣ ቡና አይደለም! ከተሰነጠቀ አንቺን ገፍፌ ነው የምጥፈው!"

ቅቤ ባመጣልህ ደግሞ "ለፀጉርሽ አድርጊው፤ ይሄ ላይ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል" ብለህ መለስከው። የጉሎ ዘይት በመዳፍህ እያሞቅክ ጠፍሩን እንደ ሕፃን እግር አሸኸው። እርካቡን በአመድና በሎሚ ፈተግከው። ምሳ ሲደርስ ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። ያን ጊዜ ይህን እንደ ቁም ነገር የምቆጥረው አይመስለኝም ነበር። አሁን ራሴን ስመረምር ግን በልቤ "እኔ እንደ ሌላው ሰው አይደለሁም" እያልኩ እኮራበት ነበር። ያም ያሳፍረኛል።

ማሻ አብረኸን የመጣኸው እኔ ስለለመንኩህ ነው። ፈረሱ የሰው ነው፣ ኮርቻውን በጀርባው ልክ የሚያጠብቅ ሰው ያስፈልጋል አልኩህ። ብሩክ ተጭኖ ሲገባ የሙሽራዋ መንደር ወጥቶ አየው። ከዚያ ምግብ ቀረበ። አንዲት ሴት ማን እንደሆንክ፣ የማን ዘር እንደሆንክ ጠይቃ አወቀችና ለብቻህ፣ አጥሩ ሥር፣ በኮባ ቅጠል አቀረበችልህ። እዚያ አገር ቆዳ የሚሠራ ሰው በቤቱ ሳህን እንደማይበላ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። ቅጠሉን ተቀብለህ "ሳህን ማጠብ የማይወድ ቤት ነው" ስትል ሰማሁህ፤ ያልሰማሁ መስዬ ወደ ሙሽሮቹ ዞርኩ።

ይህን እንኳ በሰው አገር እንግዳ ነበርኩ ብዬ ባለፍኩት ነበር። የቀጠለው ግን የራሴ ነው። የሙሽራዋ አባት አቶ ገብረወልድ ፈረስ ወዳድ ናቸው። ኮርቻውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ጠፍሩን አጠፉት፣ ዘረጉት።

"የሚዛን ሰው ኮርቻ እንዲህ ይይዛል እንዴ! ማነው የሠራው፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ?"

ልጓሙን ይዘህ እዚያው ከፊታችን ቆመሃል። እኔ ደግሞ አሰላሁ። ሙሴ ነው ካልኩ "ከየት አወቅሽው" ይላሉ፤ ግቢዬ ይሠራ ነበር ካልኩ "የት በላ" ይላሉ፤ ከዚያ ብሩክን የሚያዩበት ዓይን ይለወጣል። ሒሳቡ ቶሎ አለቀልኝ።

"ጅማ አንድ ባለሙያ አለ፤ ልኬ ነው ያሠራሁት" አልኩ።

"የጅማ ሰው እጁ ወርቅ ነው ጌታዬ" አልካቸው አንተ። ሳቅክ። እኔም አብሬህ ሳቅኩ። ከውሸቱ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ሳቅ ነው። ልጓሙን ለብሩክ ሚዜ ሰጥተህ፣ ምሽቱን ሳትጠብቅ፣ መኪና መንገዱ ድረስ በእግርህ ወርደህ በመጣው የጭነት መኪና ሄድክ። የየዕለቱን ነገር መጻፍ ልማዴ ነው፤ ያን ዕለት የጻፍኩት "ሠርጉ በሰላም አለፈ" ብቻ ነው።

ለመልስ ስንሄድ አቶ ገብረወልድ ኮርቻቸውን ከነልጓሙ አውጥተው ጠበቁኝ። የአባታቸው ነው። ታድሶ ለአባታቸው ተዝካር እንዲደርስላቸው ፈልገዋል።

"ለጅማው ሰውሽ ላኪልኝ" አሉ።

መላክ እችል ነበር። አምጥቼ ለአንተ ሰጥቼ፣ የጅማ ነው ብዬ መመለስ እችል ነበር፤ ይህንንም አሰብኩት፣ አልደብቅህም። ግን ብሩክ አጠገቤ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። አንተ ከሄድክ ጀምሮ አላናገረኝም።

"የጅማ ሰው የለም" አልኩ። "ኮርቻውን የሠራው ሙሴ ነው። ያን ቀን ልጓም ይዞ የቆመው። በኮባ ያበላችሁት። እኔ ቤት ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው።"

ንጋቷ፣ ሙሽራዋ፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሳቸው ኮርቻቸውን መሬት አስቀመጡ።

"እኛስ ልማድ ነው፣ እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው። አንቺን ምን ያዘሽ?"

ይህን ጥያቄ እስከዚህ ደብዳቤ ተሸክሜዋለሁ ሙሴ።

ጋብቻው አልፈረሰም። ኮርቻውን ግን አልወሰድኩላቸውም። "ሙሴን ራሱን ለምኑት፤ ሲመጣም የት እንደሚቀመጥና በምን እንደሚበላ አስቀድማችሁ ንገሩት" አልኳቸው። እስካሁን ምንም አላሉም። ይህን ስል ደግሞ ሳልጠይቅህ በስምህ መናገሬ እንደሆነ ከወጣሁ በኋላ ነው የገባኝ።

ስለዚህ አሁን የሚናገረው አንተ ነህ። መሄድ ብትፈልግ፣ ባትፈልግ፣ እኔን ዳግመኛ ማየት ባትሻ፣ ጽፈህ ለባምላኩ ስጠው። ብሩክና ንጋቷ ባሉበት፣ አቶ ገብረወልድም ባሉበት፣ ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ስድብም ቢሆን አንድ ቃል አልቀንስም።

ወሰንየለሽ