ከስድሳው ቃል ስንቱ ተሰማ

ውድ ጆሮዬ፣

እናትህ ባወጣችልህ ስም ስለጠራሁህ አትቆጣ። እሷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ስም የሚጠራህ እንደሌለ አውቃለሁ። እኔም ሚስትህ በነበርኩበት ዘመን ደፍሬው አላውቅም።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። እህትህ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥታ በእጄ ሰጠችኝ፤ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። «ያን ቀን መልእክቱን ባለማየትሽ አራት ዓመት ሙሉ ስወቅስሽ ኖርኩ። የስልኩን ድምፅ አጥፊ ያልኩሽ እኔው ነኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ይቅር በይኝና ሁለታችንም እንረፍ» ትላለህ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ቃል ካንተ ሰምቼ አላውቅም። እህትህ እንባዬን አይታ «እሰይ፣ ወጣልሽ» አለችኝ። አልወጣልኝም። ያለቀስኩት የማይገባኝን ይቅርታ ስለሰጠኸኝ ነው።

ዝም ብዬ ልቀበልህ እችል ነበር። ሦስት ቀን ሞከርኩት። ግን አንተ እያረፍክ እኔ ብቻዬን ልሸከመው? እሱስ አይሆንም።

ያኔ በየወሩ በምትጽፍበት መጽሔት ላይ ሦስት ኢርፎኖች ልታወዳድር ነበር፤ ጆሮ ውስጥ የሚገቡትን፣ መንገድ ላይ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው። የሙከራህን ደንብ ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም፤ እኔ ግን ስጽፈው ደስ ስለሚለኝ ልድገመው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ኢርፎን መፈተሽ ማጭበርበር ነው ትላለህ። ስለዚህ ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ትወርዳለህ፣ በጋራዦቹ በኩል አልፈህ፣ አውቶቡስ ተራውን አቋርጠህ፣ ድልድዩን ተሻግረህ ትመለሳለህ። ሙዚቃው እየጮኸ አንተ ከፊት፣ እኔ ሦስት እርምጃ ከኋላ። የውጭ ድምፅ ምን ያህል እንደሚገባ ለመለካት፣ ውጤቱን ከምመዘግብበት ጥራዝ ላይ ስድሳ ቃል አነባለሁ፤ ወንበር፣ ዝናብ፣ መስኮት፣ ሎሚ። ከሰማህ ቀኝ እጅህን ታወጣለህ፣ እኔ የራይት ምልክት አደርጋለሁ። ካልሰማህ ኤክስ።

የጋራዥ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ይመለከቱን ነበር። አንዱ፣ ያ ሁልጊዜ መኪና ሥር ተኝቶ የሚያወራው ሸበቶ መካኒክ፣ «አስተማሪ! ተማሪሽ እጁን አላወጣም እኮ፣ አንበርክኪው!» ይለኛል። እኔ እስቃለሁ። አንተ አትሰማም።

የመጀመሪያው ባለገመዱ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገመዱን የደረጃው ብረት ያዘውና የግራው ተነቀለ። «ድምፁ ወፍራም ነው፣ ደረጃ ግን አይወድም» ብለህ ጻፍክ። ሠላሳ አራት ቃል ሰማህ። ሁለተኛው ነጩ ገመድ አልባ ነው። «ሲስቁ ይላላል» አልክ፤ ስትስቅ ስላላየሁህ በምን እንዳወቅኸው አላውቅም። በእሱ አሥራ ዘጠኝ ቃል ሰማህ፣ ግን በሁለተኛው ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር አውቶቡስ ተራ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ወደኋላ ሲመጣብህ እጅጌህን ይዤ ጎተትኩህ። አውልቀህ ዞርክና ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኽክብኝ።

«ሙከራውን ገደልሽው! ደንቡ ምን ይላል?»

«አውቶቡሱ ሊገጭህ ነበር እኮ!»

«ይግጨኛ! ደንቡ ምን ይላል አልኩሽ?»

«አልነካህም፣ አልቀድምህም፣ ስልኬን አላስጮህም።»

«ከደረጃው እንጀምራለን።»

ተመልሰን አራተኛ ፎቅ ወጣንና እንደገና ጀመርን። በዚያ ወር ጽሑፍህ ላይ እኔ ያለሁባት አንዲት መስመር አለች፤ «ለሙከራው መካከለኛ የሰው ጫጫታ ተጠቅሜአለሁ» የምትለዋ። ጽሑፉን ሳያነብ የማይተኛው አጎቴ ደውሎ ስለ ባትሪው ጠየቀኝ። ጫጫታው የወንድሙ ልጅ እንደሆነች አልነገርኩትም።

እንደማትሰማኝ የምታውቀው እናትህ ብቻ ነበረች። ጉሮሮዋን ከታከመች ጀምሮ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አያልፍም፤ ልጅ ሳለህ ግድግዳ አልፎ ሳሏን ሰምተህ የምትነሳ አንተ ብቻ ስለነበርክ ነው ጆሮዬ ያለችህ። «እኔን ይሰማኛል» ትለኝ ነበር፣ እጄን ይዛ። «አንቺንም ይሰማሻል፣ ታገሺው ልጄ።» እውነቱን ልናገር፣ በዚህ ነገር እቀናባት ነበር። እሷን እንደዚያ ስታንሾካሹክ ትሰማታለህ፤ እኔ አፌን ሞልቼ እየተናገርኩ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለህ።

ሦስተኛው ግራጫው ነው። ትንሽዬ፣ ጫፉ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ፣ የውጭን ድምፅ የሚያፍን። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወጣን። ወንበር ብዬ ጀመርኩ። እጅህ አልተነሳም። ጋራዡን አለፍን፣ አውቶቡስ ተራውን አለፍን፣ ሠላሳ ቃል አነበብኩ፣ ሠላሳ ኤክስ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አወጣሁት። ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር።

አዎ፣ አይቼዋለሁ። ያኔውኑ፣ እንደደረሰ። እህትህ ናት የላከችው፤ «እማማ ወድቃለች። ጆሮዬን ጥሩልኝ እያለች ነው። ቶሎ ኑ» ይላል። ከድልድዩ እናትህ ቤት አሥር ደቂቃ ነው።

ሠላሳ አንደኛው ቃል «ድስት» ነበር። በእስክሪብቶ ሰረዝኩትና ከጎኑ የማነብልህን ጻፍኩ፤ ደንቡ የሚነበበው ይጻፍ ነው የሚለው። ከዚያ አነበብኩልህ፤ «እናትህ ወድቃለች።» አነበብኩልህ እንጂ ነገርኩህ አልልም፣ ምክንያቱም ድምፄ ያው ምሳ ደርሷል የምልበት ድምፅ ነበር። እጅህ አልተነሳም። ሠላሳ ሁለትንም ሰርዤ ጻፍኩ፤ «ጆሮዬን ጥሩልኝ እያለች ነው።» ይህንን ጮኼ ነው ያልኩት፤ ከፊት ለፊታችን የምትመጣ ሴት ቆማ አየችኝ። አንተ ሙዚቃውን በጣትህ እየመታህ ትሄዳለህ። እስከዚህ ድረስ እንድትሰማ ፈልጌ ነበር። ይህን እመነኝ፤ ባታምነኝም ግድ የለኝም።

ሠላሳ ሦስትንም እንዲሁ፤ «አሥር ደቂቃ ነው፣ እንሂድ።» ይህንን በቀስታ ነው ያልኩት። እንዳትሰማኝ ብዬ።

ትከሻህ ከእጄ ሦስት እርምጃ ይርቃል። በጣቴ ብነካህ ያበቃ ነበር። የአውቶቡሱን ቀን አስታወስኩና ደንብህን አከበርኩ። ከዚህ በላይ ግን አለ፣ እሱንም ካልነገርኩህ ይህን ደብዳቤ ባልጽፈው ይሻላል፤ ደስ አለኝ። ያ የማይነሳ እጅህን እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እናቱም እንደኔ ሆነች፣ እሷንም አልሰማትም አልኩ በልቤ። ከዚያ ሠላሳ አራትን ከዝርዝሩ አነበብኩ። «ማንኪያ።» «ጫማ።» «ደመና።» እስከ ስድሳ ድረስ፣ አንድም ሳልዘል።

ያን ሁሉ ዓመት ልነግርህ የምፈልገውን ሁሉ በዚያ መንገድ ላይ ልነግርህ እችል ነበር። እኔ ማንኪያ አልኩህ።

ሩብ ጉዳይ ለአራት ላይ በራችን ደረስን። ኢርፎኑን አወለቅህና ፈገግ አልክ፤ «ስንት?» «ዜሮ» አልኩህ። ጥራዙን ተቀብለህ የኤክሶቹን ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች ቆጠርክ፤ ቃላቱ ላይ ዓይንህን አላሳረፍክም። ከግርጌው «ሙከራው በደንቡ ተካሂዷል» ብለህ ፈረምክ። ያን ጊዜ ነው ስልኬን አውጥቼ «ውይ!» ያልኩት። እንዴት እንደሮጥን ታስታውሳለህ። አምስት ጉዳይ ለአራት ደረስን፤ እናትህ ከአምስት ደቂቃ በፊት አርፋ ነበር። እህትህ በሩ ላይ «እስከመጨረሻው ዓይኗ በሩ ላይ ነበር» አለችህ። ከድልድዩ ብትሄድ ሃያ ደቂቃ ታገኛት ነበር።

በማግሥቱ ዘመድ በሞላበት ሳሎን ውስጥ «ስልክሽን ማየት አቃተሽ?» አልከኝ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። «አላየሁትም» ብዬ አለቀስኩ። እስክንፋታ ድረስ እያንዳንዱ ጠብ መጨረሻው ስልኬ ነበር። ዝም ብዬ ተቀበልኩ፤ ከእውነቱ የሚያንስ ቅጣት ስለሆነ ተመቸኝ።

ጽሑፉም ወጣ። «ስድሳ ቃል ተነበበልኝ፣ አንዱንም አልሰማሁም። መንገድ ላይ ዓለምን መርሳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።» በየቀኑ የማልፍበት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቆርጦ መስታወቱ ላይ ለጥፎታል። ፀሐይ አደብዝዛዋለች፣ ግን ይነበባል።

እናትህ ምንም አላደረገችኝም። «ልጄ» ብላ የጠራችኝ አማት ናት። አንተን ልቀጣ ብዬ እሷን በር በር ስታይ አስቀረኋት፤ በሕልሜ የምትመጣው እሷ ናት፣ አንተ አይደለህም። ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅህም፤ የምጠይቃት ሰው የለችም። ያንተንም ይቅርታ መልሼልሃለሁ።

አታምነኝ ይሆናል። ተናድዳ ፈጠረችው ትላለህ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ የምልክልህ ማስረጃ የለኝም፣ ማስረጃው አንተው ጋ ነው። እህትህ እንደምትለው ጥራዞቹን አሁን በምትኖርበት በእናትህ ቤት ሳሎን መደርደሪያ ላይ ደርድረሃቸዋል፣ እንግዳ ሲመጣም «እኔ ያልፈረምኩበት ቁጥር የለም» እያልክ ታወርዳቸዋለህ። ሰማያዊውን አውርድ። ግራጫው ኢርፎን የሚለውን ገጽ ግለጥ። ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት። ጮክ ብለህ አንብባቸው፤ እናትህ ዓይኗን ያሳረፈችበት በር ከፊትህ ነው።

ከጨረስክ በኋላ ወደ ግርጌው ውረድ። ፊርማህን ታገኘዋለህ።

ሦስት እርምጃ ከኋላህ የነበረችው
ጫጫታህ