ጉድጓዱን ምን ሞላው?

ጥቅምት 9
ሁለት ዚፕ ቀየርኩ፣ አንድ ሱሪ አሳጠርኩ። ከዚያ በፊት ጠዋት ጥርሴ ተነቀለ። ሃያ ዓመት ክር ስበጥስበት ኖሬ ተሰነጠቀ... ሐኪሟ ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም እንደ ክዳን ነው፣ እንዳይነሳ አለች። መትፋት የለም፣ መምጠጥ የለም። አጥንቱ ከሞላ ከአራት ወር በኋላ አዲስ ጥርስ ይተከላል። ካልሞላስ? "ያኔ እናያለን።" ይህቺ "እናያለን" አልተመቸችኝም።

ጥቅምት 10
በመስታወትና በባትሪ አየሁት። ጠቆር ያለ ቀይ ነገር። ይሄ ነው አጥንት የሚሆነው? እንዴት አድርጎ?
ለብ ያለ የጨው ውሃ አፌ ውስጥ ይዤ ቀስ ብዬ አንገቴን ሳዘነብል እማዬ ሳቀች፣ እንደ ሁልጊዜው አፏን በእጇ ሸፍና። አንድም ጥርስ የላትም። ያንቺስ እንዴት ተዘጋ፣ ልየው? ብላት፣ "ልብስ ሰፊ ነህ ወይስ ሐኪም?" ብላኝ ሄደች።

ጥቅምት 12
ጆሮዬ ድረስ ይጠዘጥዘኛል። ጉድጓዱ ባዶ ነው። ውስጡ ነጭ ነገር... አጥንቴ ይሆን?

ጥቅምት 13
አጥንቴ ነበር። ሐኪሟ አጥባ መድኃኒት ጠቀጠቀችበት። ምን መጠጥክ? ምንም፣ ብዬ ማልኩላት። ሱቅ ተመልሼ መርፌ አነሳሁ፣ የክሩን ጫፍ አፌ ከተትኩና... ምጥጥ! ለካ በቀን መቶ ጊዜ ነው። በራሴ ተናደድኩ።

ጥቅምት 14
እማዬ ትንሽ መቀስ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። የክሩንም ጫፍ እንዳትመጠው ሰም ቀባው አለች። ደንበኞቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ኅዳር 4
ድዱ ከዚህም ከዚያም እየተጠጋ ነው። ያለ መርፌ፣ ያለ ክር! ሙያ ማለት ይሄ ነው። ቀናሁበት።

ኅዳር 21
ጥርስ የሌለበት አጥንት እያደር ይሳሳል አለች ሐኪሟ። የእማዬ ጉንጭ የጎደጎደው ለካ... እኔ እርጅና ነው እል ነበር። አፈርኩ። እሷም ትታይ፣ የሚሆን አይጠፋም አለችኝ። ለእማዬ ብነግራት፣ "ለመቃብር ጥርስ አያስፈልግም።" ከፋኝ።

የካቲት 11
ራጅ ተነሳሁ። ጨለማ የነበረው ነጥቷል። ሞልቷል! በሚቀጥለው ሳምንት ይተከልልኛል።
እማዬ የራጁን ፊልም መስኮቱ ጋ ይዛ ብዙ ቆየች።
"ባዶ አልነበረም እንዴ? ያውም አንተው ያበላሸኸው?"
"ነበር።"
"ከየት መጣ ታዲያ?"
ከራሴ፣ አልኳት። ፊልሙን አስቀመጠች። ወንበሯን ወደ ብርሃኑ ሳበች። ከዚያ እጇን ከአፏ ላይ አነሳች።
"በል፣ ባትሪህን አምጣ።"