የአሸዋ ካብ አፍራሹ አቶ ታምሜ ያንሰን

አቶ ታምሜ ያንሰንን በሕዝብ ፊት «ምቀኛ» ብሎ የሰደባቸው ኡኮ ፍሬሪክስ ነው። ኦገስት 12 ቀን 1979፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛው በሐርመርዚል ባሕር ዳርቻ። ኡኮ ባለሆቴል ነው፤ ያን ጊዜ የዳርቻው ማኅበር ሊቀ መንበርም ነበር። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ኦኖ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍ ስትሉኝ ከዚህ የጀመርኩት፣ ሌላ ሰው ቢጽፈው ይህን እንደሚዘለው ስለማውቅ ነው።

አቶ ታምሜ ከአባታቸው ከአቶ ሬንት ያንሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዊብኬ በ1934 እዚሁ ተወለዱ። አባታችን ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አቶ ታምሜ ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሱ አናጢነት ተማሩ፤ ኋላም ለእንግዶች የሚከራዩትን ባለጣሪያ የቅርጫት ወንበሮች ሲጠግኑ ኖሩ። በ1959 ወይዘሮ ጌሼን አግብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በዚያ ዘመን ለመዋኘት የመጣ ሁሉ በወንበሩ ዙሪያ አሸዋ ቆፍሮ ካብ ይክብ ነበር። በየኦገስቱም የካብ ውድድር ነበር። አቶ ታምሜ አራት ጊዜ ዋንጫ ወስደዋል። በ1978 ግን ከዶርትሙንድ የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም አሸነፋቸው። በዚያው የብርድ ወራት ማዕበል መጣና ከተማውን ከባሕር የሚከልለውን የአሸዋ ጉብታ ሰብሮ የታችኛውን ሰፈር አጥለቀለቀው። አቶ ታምሜ የተሰበረበትን ሄደው አዩ። ለካብ ተብሎ ግርጌው ሲቆፈር የኖረበት ቦታ ነው። በሚቀጥለው ውድድር አካፋ ይዘው መጡና፣ ካብ መሥራቱን ትተው የሌላውን ጉድጓድ ይደፍኑ ጀመር።

ያኔ ነው ኡኮ «እዩልኝ ይህን ምቀኛ! ዋንጫው ሲያመልጠው ጊዜ አሸዋ ሊከለክለን መጣ! ታምሜ፣ ቢራ ልግዛልህና ቁጭ በል!» ያለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ «ሳቁ፤ ውሃው ሲመጣ ግን እንዳታለቅሱ» ብለው መድፈናቸውን ቀጠሉ። ስሙ ግን ተጣበቀባቸው። ለዓመታት በከተማው ስብሰባ እጃቸውን ባነሡ ቁጥር «ደግሞ ዋንጫው ትዝ አላቸው» ይባል ነበር። የሚሰማቸው ጠፋ።

እሳቸው አመሻሽ ላይ እንግዶች ወደየማረፊያቸው ሲገቡ ካቡን እያፈረሱ ጉድጓዱን ደፈኑ። አንዲት እንግዳ «አባቴ፣ ልጆቼ ቀኑን ሙሉ የለፉበትን!» ብትላቸው፣ «ለሚቀጥለው ዓመት አሸዋ ላቆይላቸው ብዬ ነው፣ እመቤቴ» አሏት። በመከር ከወይዘሮ ጌሼ ጋር ጉብታው ላይ የአሸዋ ሣር ተከሉ፤ ነፋስ የሚያመጣውን አሸዋ እንዲይዝም የጭራሮ አጥር አቆሙ። ጭራሮውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አያነሣውም እንጂ።

በ1991 ከተማው ቁፋሮውን ከለከለ። የክልከላው ሰሌዳ ሲመረቅ ሪባን የቆረጠው ኡኮ ነበር። ለወንድሜ ወንበር አልተሰጣቸውም፤ እኔንም «ኦኖ፣ አካፋዎቹን ሰብስብ» አሉኝ። በኋላ ከመጀመሪያው የባሰ ማዕበል መጣ፤ ጉብታው ግን አልተሰበረም። የኡኮ ሆቴል ምድር ቤት እንኳ አልረጠበም።

አቶ ታምሜ ባለፈው ኖቬምበር በልብ ሕመም ወድቀው፣ በልጃቸው ቤት ሲታከሙ ቆይተው፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2019 በ84 ዓመታቸው አረፉ። ወይዘሮ ጌሼ ቀድመዋቸዋል። ልጆቻቸው ሬንትና ታልኬ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ እኔም ቀርተናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማዕበል በማይደርስበት ዳርቻ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።

ትናንት በጋዜጣ ከሞታቸው ዜና ጋር ኡኮ ብቻውን ከአጥሩ አጠገብ የቆመበት ፎቶ ወጥቷል። ወንድምህ ለምን የሉበትም ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር ወንድሜ የወደቀ አጥር ሲያቆሙ ኡኮ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። «ና እንጂ ታምሜ፣ እኔና አንተ እኮ ነን ያቆየነው! ጎን ለጎን እንቁምና ሰው ይየን» አለና ክንዱን ዘረጋ። ወንድሜ ጭራሮውን ብብታቸው ሥር አደረጉ፤ አጥሩ ወደሳሳበት ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ።