ስለ አንድ ፎጣና ስለ አንዲት ልጅ ርክክብ

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ኤቬሊዮ ሳንክሌሜንቴ
የ«ኦንዳ ክላራ» መርከብ ባለቤት ኩባንያ የሕግ ጉዳዮች ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ ልጆችዎም ሲቆጠሩ አንድም ሳይጎድል በሚገኙበት ሰዓት እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ዶክተር ብዬ የጠራሁዎት የሕክምናም ሆነ የሕግ ማዕረግዎን አረጋግጬ አይደለም፤ እኛ ባሕር ዳር የምንኖር ሰዎች ክራቫት ያሰረን ሁሉ ዶክተር ማለት ስለለመድን ነውና ማዕረጉ ቢበዛብዎ ወይም ቢያንስብዎ ይቅር ይበሉኝ።

ስሜ ኤኔይዳ ካራባዮ ይባላል። በካርታሄና ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከማንጎ ሻጮቹ ጎን ተቀምጬ፣ በታይፕ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የአጥር ድንበር፣ የባል ክህደት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ሁሉንም «በታላቅ አክብሮት» እያልኩ ጽፌያለሁ። ለራሴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ እንደለመደው ይጽፋል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አየዋለሁ። አንዳንዱ መስመር በቀይ ቢወጣ ቁጣ አይምሰልዎ፤ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቀይ የሆነው የታይፑ ሪባን ተገልብጦ ገብቶ ነው፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

ጉዳዩን እርስዎ ባያስታውሱት አይፈረድብዎትም፣ ሥራ ይበዛብዎታል። የልጅ ልጄ ሉስ ዳሪ፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ባለፈው መጋቢት በመርከባችሁ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ባለው የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ሰጥማ ሞተች። እናቷ ኑሪስ፣ አንድያ ልጄ፣ መርከቡ አዙሯት ክፍላችን ውስጥ ተኝታ ነበር። ስድሳ ዓመት ሞላሽ ብላ ለሽርሽር የወሰደችን እሷ ናት።

ባለ አሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ንጹሕ አጻጻፍ በሙያዬ እምብዛም ስለማላይ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ. በገንዳው ዳር «የነፍስ አድን ሠራተኛ የለም» የሚል ማስታወቂያ በሁለት ቋንቋ ተለጥፎ እንደነበር ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ አለ። ከሞተች በኋላ በማግሥቱ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ የፊደሉም ቅርጽ ያምራል። ያን ዕለት ያላየሁት የፎጣ ጋሪው ፊት ለፊቱ ቆሞ ስለነበር ነው። ጋሪውም በዘፈቀደ የቆመ አይደለም፤ ወለሉ ላይ በነጭ ቀለም የተሰመረለት የራሱ ቦታ አለው፣ ቦታውም እዚያው ማስታወቂያው ፊት ነው። ፎቶግራፉን አያይዣለሁ።

2ኛ. ሠራተኛችሁ ኤድጋርዶ የፎጣ ክፍል ባልደረባ እንጂ ነፍስ አድን እንዳልነበረ፣ «ሥልጣን ያልተሰጠው ሠራተኛ የፈጸመው አደራ የመቀበል ተግባር» ኩባንያውን እንደማይመለከተው በገጽ አራት ገልጸውልኛል። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ፤ እኔ መሃይሟ ይህን አላውቅም ነበር።

የማውቀውን ልንገርዎት። እኔ የተወለድኩት ላ ቦኪያ ነው፣ አሸዋው በር ድረስ በሚመጣበት መንደር። እዚያ ልጅ ውሃ ዳር ትቶ መሄድ የግድ ሲሆን አጠገብ ላለው ሰው «አደራ» ይባላል፤ «እሺ» ያለ ሰው ደግሞ ባለቤቱ እስኪመለስ ዓይኑን ከልጁ አይነቅልም። ዶን ቲቡርሲዮ የሚባል በአጥር ተጣልተን ለዘጠኝ ዓመት ያልተነጋገርን ጎረቤት ነበረኝ። አንድ ቀን ሌላ ሰው አጥቼ ኑሪስን ለእሱ «አደራ» ብዬ ሄድኩ። ስመለስ ሊያሸንፍ የተቃረበውን የዶሚኖ ጨዋታ ጥሎ፣ ጠጠሮቹን በጭብጡ እንደያዘ፣ ከነሱሪው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። «ልጅሽ እንዳንቺው አትሰማም» አለኝና ወጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌላ አራት ዓመት አልተነጋገርንም። ዶን ቲቡርሲዮም ሥልጣን አልነበረውም።

እናም መርከባችሁ ላይ ቀይ ካናቴራ የለበሰ፣ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ ገንዳው ዳር ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ አየሁ። በእኛ ባሕር ዳር እንዲህ የለበሰ ሰው ሥራው አንድ ብቻ ነው። በእናንተ ዘንድ ካናቴራው የደንብ ልብስ፣ ፊሽካው ለጨዋታ ሰዓት፣ ከፍ ያለው ወንበር ደግሞ ፎጣዎቹን አሻግሮ ለማየት መሆኑን ያወቅኩት ከደብዳቤዎ ነው። ጠጋ ብዬ፣ «ልጄ፣ እቺን ልጅ አደራ፤ ደረቅ ልብስ ላመጣላት ነው፣ አሁን መጣሁ» አልኩት። «ይሂዱ እማማ፣ አይዞዎት፣ እኔ አለሁ» አለኝ። ሉስ ዳሪ ከውሃው ውስጥ፣ «አያቴ፣ ቢጫዋን! ያቺን የምታሳክከኝን እንዳታመጪ!» ብላ ጮኸች። ሌላ ነገር አልተባባልንም።

ቢጫዋን አመጣሁ።

3ኛ. ሠራተኛው «ከባድ የሥነ ምግባር ጉድለት» በመፈጸሙ ወዲያውኑ እንደተሰናበተ ማስታወቅዎ ያጽናናኛል ብለው አስበው ይሆናልና ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ልጁ ደውሎልኝ ነበር። ስልኬን ከየት እንዳገኘ አልጠየቅኩትም። ሻንጣውን አሲዛችሁ በሚቀጥለው ወደብ እንዳወረዳችሁት፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ሆንዱራስ፣ ወደ እናቱ ቤት እንደተመለሰ ነገረኝ። ካለቀሰ በኋላ ያለውን ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ፦ «እማማ፣ በራዲዮ ጠሩኝ። የአሥር ሰዓቱ ቆጠራ ደርሶ አምስት ፎጣ ጎድሎብኝ ነበር። ሁለቴ ከጎደለብኝ ኮንትራቴ አይታደስም። ከወንበሮቹ ሥር ልፈልግ ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ አልኩ እንጂ ጥያት አልሄድኩም፣ እማማ።» ፎጣዎቹን አግኝቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። አምስቱንም አግኝቷል።

ለምን ይህን እንደጠየቅኩት አላውቅም። ብቻ ጠየቅኩት።

ኤድጋርዶ ለእኔ «እሺ» ብሎኛልና በእኛ ሕግ ጥፋተኛ ነው፣ እሱም አልካደም። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት ዓይን ብቻ እንዳለው፣ ያንንም ዓይን ለፎጣ ቆጠራ የተከራየው ማን እንደሆነ በአሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ምናልባት አሥራ ሁለተኛ ገጽ ኖሮ ፖስታ ቤት ጠፍቶ ይሆናል።

4ኛ. ክስ ማቅረብ ብፈልግ በቲኬቱ ጀርባ በተጻፈው መሠረት አቤቱታዬን የመርከቧ ባንዲራ አገር ድረስ ሄጄ ማቅረብ እንደምችል ስለጠቆሙኝ አመሰግናለሁ። መርከቧ በአንድ አገር ተሠርታ፣ ካፒቴኗ ከሌላ አገር መጥቶ፣ ኩባንያው በሦስተኛ ተመዝግቦ፣ ባንዲራው የአራተኛ ሆኖ፣ ባሕሩ ደግሞ የማንም እንዳልሆነ አስረድተውኛል። ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ቢያብራሩልኝ፦ ልጅቷ የሞተችው ባሕር ውስጥ አይደለም። ገንዳ ውስጥ ነው። የገንዳውን ውሃ በቧንቧ የሞላው ሰው አለ።

እንዲሁም «ሟች የምታስተዳድረው ቤተሰብ ያልነበራት በመሆኑ በባሕር ሕግ የሚታሰብ ጉዳት አልደረሰም» ብለዋል። እርማት ይፈቀድልኝ። እኔ ነበርኩ የምተዳደረው። ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የታይፑን ሪባን የምታስገባልኝ እሷ ነበረች፣ ጣቶቿ ጥቁር ሆነው ጉንጬን እየነካካች። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሪባኑን ያስገባልኝ ማንጎ ሻጩ ነው፣ ገልብጦ አስገባው። ቀዩ መስመር የመጣው በዚህ ነው።

5ኛ. በመጨረሻም ስለላኩልኝ ቅጽ። ለፊርማዬ ቦታው በእርሳስ ተከቦ፣ «አደጋው የደረሰው በአሳዳጊዋ በወ/ሮ ኤኔይዳ ካራባዮ ቸልተኝነት ብቻ መሆኑን አምናለሁ» ተብሎ የተዘጋጀው ማለቴ ነው። ከፈረምኩ ጉዳዩ «በመከባበር» እንደሚዘጋ ጽፈዋል። ክቡርነትዎ ከእኔ ጋር ለመከባበር ይህን ያህል መድከምዎ ያስገርመኛል።

እስካሁን ለኩባንያችሁ ሁለት ጊዜ ፈርሜያለሁ። መጀመሪያ፣ ገንዳው ዳር ለሉስ ዳሪ ፎጣ ስወስድ፤ የክፍል ቁጥር፣ ስም፣ ሰዓት፣ ፊርማ። ፎጣ ቁጥር 417፣ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ራሷ የመረጠችው። ሁለተኛ፣ ከአራት ቀን በኋላ መርከቡ ካርታሄና ሲመለስ ልጅቷን ስታስረክቡኝ፤ ስም፣ ሰዓት፣ ፊርማ። በሁለቱ መካከል፣ በሕይወት ሳለች በእጃችሁ በነበረችበት ጊዜ፣ ከእናንተ ወገን የፈረመ ሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰነድ ስጽፍ ተረካቢ ብቻ እንጂ አስረካቢ የሌለበት ርክክብ አላየሁም።

ሦስተኛውን ፊርማ ያልሰጠሁዎት ጥፋት የለብኝም ብዬ አይደለም። ይህን በግልጽ ልጻፈው፣ ሰው ሁሉ ያንብበው፦ እኔ ኤኔይዳ ካራባዮ የስድስት ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ ትቼ ለቀሚስ ሄጃለሁ። ሊፍቱ ስለዘገየ ሰባት ደቂቃ ቆይቻለሁ። ይህ የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም፣ ማንም ቅጽ አዘጋጅቶ እንዲያስፈርመኝም አያስፈልገኝም። የእርስዎን ወረቀት የማልፈርመው «ብቻ» በምትለው ቃል ምክንያት ነው።

ምክንያቱም ቤቴ ውስጥ መልስ የምትጠብቅ ሰው አለች። ኑሪስ ከተመለስን ወዲህ ብዙ አታወራኝም። ሳህን ታስቀምጥልኝና «እማማ፣ ብዪ» ትላለች፤ እበላለሁ። አሳው ጨው ይኑረው አይኑረው አይታወቀኝም። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ግን ምድጃው ጋ እንደቆመች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እማማ፣ ለማን ነው የሰጠሻት?» አለችኝ። «ቀይ ለለበሰው ልጅ» አልኳት። «እሱ ማን ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልመለስኩላትም። መልሱን ከእርስዎ ደብዳቤ አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ እርስዎ ግን ማን እንዳልሆነ ብቻ ነው የነገሩኝ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የማመለክተው አንድ ነገር ነው። ገንዘብ አልጠየቅኩም፣ ለማስፈራራትም አይደለም። በኩባንያችሁ ማኅተም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍልኝ፦ ያን ዕለት በአሥር ሰዓት ሉስ ዳሪ በማን እጅ እንደነበረች። ምድጃው ጋ ወስጄ ለልጄ አነብላታለሁ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ወረቀትዎንም ሳይፈረም ስለመለስኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በማያልቅ ትዕግሥትዎና በሚያስቀና እርጋታዎ እየተደነቅኩ፣ እጄ እስከለመደው ድረስ የእርስዎ ታዛዥ ሆኜ እቀራለሁ።

ኤኔይዳ ካራባዮ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የሉስ ዳሪ አያት
ላ ቦኪያ

ግልባጭ፦
ለኤድጋርዶ እናት፣ ሆንዱራስ
በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ለሚያልፍ ሁሉ፣ ከመቀመጫዬ በላይ ግድግዳው ላይ

ማስታወሻ፦ ከዋናው ደብዳቤዎ ሌላ፣ ከፎጣ ክፍላችሁ ሦስት ማስታወቂያዎች ደርሰውኛል። የሐዘን መግለጫችሁ «የተከበሩ መንገደኛ» ሲለኝ እነሱ ሙሉ ስሜን ሳያጓድሉ ጽፈው ፎጣ ቁጥር 417 እንዳልተመለሰ ያሳስቡኛል። ፎጣው አልጠፋም። የመርከባችሁ ሐኪም ልጅቷን የጠቀለላት በእሱ ነው፣ ስታስረክቡኝም በእሱ እንደተጠቀለለች ነበረች፤ ኑሪስ ማንም እንዳይፈታው አለችና እንደተጠቀለለች ቀበርናት። ላ ቦኪያ መቃብር፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከባሕሩ በኩል ነው። መረከብ ከፈለጋችሁ በሩ ቀን ቀን ክፍት ነው። ብቻ እባክዎ ክቡር ዶክተር፣ የምትልኩት ሰው አደራ የመቀበል ሥልጣን ያለው ይሁን።