እስከ ኅዳር የሌለው ወንበር

ይድረስ ለልጄ ለትህትና፣

በየሄድሽበት አገር ሁሉ እመቤቴ ትቅደምልሽ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። እዚህ ገዳሪፍ ኸሪፉ፣ ክረምቱ ማለቴ ነው፣ ዘንድሮ ደግ ነው፤ ዝናቡ ሳያቋርጥ በፋሽጋ እርሻ ሰሊጡ አብቧል። አባትሽ ይነዳው የነበረውን ትራክተር ሌላ ሰው ይዞታል። ድምፁን ስሰማ አሁንም እየወጣሁ አያለሁ። ይህን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ ጎረቤታችን ሳፊያ ናት፤ በቃል ልነግርሽ ብል አፌ እምቢ አለኝ።

«ባንኮክ ሄዶ የሚታከምበትን ቲኬት አየር መንገዱ በሚያጠራቅምልኝ ማይል በነፃ እይዛለሁ ብዬ አባቴን ገደልኩት» እያልሽ ታለቅሻለሽ አሉኝ። ተይ ልጄ። ማይሉ ለሥራ ስትበሪ የተጠራቀመ መሆኑን ስነግረው፣ «ልጄ ይህን ያህል ተንከራታለች?» ብሎ ላንቺ ነበር ያዘነው።

የነፃው የአውሮፕላን ወንበር እስከ ኅዳር የለም፣ አባቴ እስከዚያ ይቆያል ወይስ ተበድሬ ልግዛ ብለሽ የደወልሽ ቀን፣ አባትሽ ከአልጋው ቀና ማለት አቅቶት ነበር። ተበድሬ ስትዪ ሰማና እጁን አፌ ላይ ጫነው። እኔም «ደህና ነው፣ ይቆያል» አልኩሽ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ነው የቆየው። እውነቱን ብትሰሚ ኖሮ በማግስቱ ትገዢ እንደነበር አውቃለሁ። የደበቅሁሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን ለእኔ ተዪልኝ።

የኅዳሩ ቲኬት ተሰርዞ ማይሉ ተመልሶልሻል አሉ። እንግዲህ ባንኮክ ይቅርና ወደ እኔ ነይበት። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እንደ አባትሽ የሚሳሳልሽ ሰው አያሳጣሽ። «እማ፣ እስከ ኅዳር ትቆያለሽ ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂኝ ግን ከእንግዲህ አልዋሽሽም፤ አልቆይም።

እናትሽ የሻረግ