ጥቁሩን ኮት ነጭ ስለሚያደርገው ካሜራችን

ለተከበሩ አቶ ሊዮናርድ ቫስኮ
የሐይቅ ዳር ቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር የቦርድ ሰብሳቢ
ተንደር ቤይ፣ ኦንታሪዮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ብርዱ በጉልበትዎ ላይ እንዳልጠና፣ እንቅልፍዎም ሙሉ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ ቤት እንቅልፍ ከጠፋ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታልና፣ በእርስዎ ዘንድ መኖሩን ብሰማ እጽናናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ የምለጥፈው ቦርዱ እኔንና እናቴን ከማኅበሩ ለማስወጣት በመጪው ሐሙስ ድምፅ ስለሚሰጥ ነው። ክሱን ጎረቤቶቼ ሁሉ ያውቁታል፤ የመጋዘኑ የሌሊት ካሜራ ነጭ ኮት የለበሰ ሰው የማኅበሩን የበረዶ መጥረጊያ ማሽን እየጎተተ ሲያወጣ አሳይቷል፣ በግቢው ውስጥ ነጭ ኮት ያለኝ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ እያንዳንዱ አባል ለማኅበሩ በወር አራት ሰዓት እንዲሠራ ደንባችን ያዛል፤ እኔም የእኔን ድርሻ በካሜራ መራጩ ኮሚቴ ውስጥ ተወጣሁ። ሁለት ገጽ ጽፌ አቅርቤ ነበር። በሌሊት ያያል ተብሎ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሜትር አትመኑ፣ ሰው መኖሩን ማየትና ማን መሆኑን መለየት የተለያዩ ናቸው፣ ካሜራው በሚሰቀልበት ቦታ፣ በጨለማ፣ ሰው እየተራመደ ይሞከር፣ ከመጋዘኑ በላይ አንዲት ትንሽ አምፖል ብትኖር ደግሞ በደብዛዛ ብርሃንም ቀለም የሚለይ ካሜራ መምረጥ እንችላለን ብዬ ነበር። ኮሚቴው ወረቀቴን በአክብሮት ተቀብሎ ትኩስ ድስት አስቀመጠበት። ምርጫው የተካሄደው ሁሉም ከየቤቱ ምግብ ይዞ በሚመጣበት የቅዳሜ ምሳ ላይ፣ በቀትር፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ነበር። ሦስቱ ካሜራዎች በየተራ ወደ ገበታው ዞሩ፤ በድንቹ ላይ የቀለጠውን አይብ አጥርቶ ያሳየው አሸነፈ። በቀትር ድንች የሚሰርቅ ሌባ ቢመጣ እንደማያመልጠን ከልቤ አምናለሁ። ስለ ሌሊቱ ስጠይቅ ግን እርስዎ ሹካዎን ሳያስቀምጡ፣ «የኔ ልጅ፣ በዚህ ብርድ በሌሊት ማን ይወጣል ብለሽ ነው?» አሉኝ።

ሁለተኛ፦ የመረጣችሁት ካሜራ ሲጨልም የሚያየው ዐይናችን በማያየው የራሱ ብርሃን ነው። በዚያ ብርሃን ቀለም የለም፤ ብዙው ጥቁር የናይለን ኮት ደግሞ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህን ለቦርዱ ሳስረዳ ትምህርቴን እንዳሳይ እንዳልተጠራሁ ተነገረኝ። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ የታችኛዋ ጎረቤታችን ወይዘሮ ኢርማ ባቦሽ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከመጋዘኑ ፊት እንዲቆሙልኝ ለመንኳቸው። በኋላ ጥበቃው ክፍል ገብተን ስክሪኑን ስናይ ሴትዮዋ ከበረዶው ጋር አንድ ሆነዋል። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ውይ በሞትኩት፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ ሌባዋ እኔ ነበርኩ» አሉ።

ሦስተኛውን ያለ ፌዝ ልጽፈው እገደዳለሁ። እናቴ በዚህ ግቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ የአዳራሹን መጋረጃዎች የሰፋችው እሷ ናት። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ልብስ የምታጥበው በመታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ ነው፣ ወደ ማጠቢያው ክፍል ስትገባ ወሬ ስለሚቆም። ትናንት ከሥራ ስመለስ ሳህኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ስትደረድር አገኘኋት። እስከ ሐሙስ ቆዪ ብላት፣ ሰዎቹ በዐይናችን አየን እያሉ ምን ልትያቸው ነው አለችኝ።

ስለዚህ ቦርዱን በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሐሙሱ ስብሰባ በአዳራሹ መሆኑ ቀርቶ፣ ከመሸ በኋላ በመጋዘኑ ደጃፍ፣ በካሜራው ሥር ይሁን። እያንዳንዱ አባል የክረምት ኮቱን ለብሶ ይምጣ፣ ስክሪኑንም አብረን እንየው፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ ስጡ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ አባታዊ ምክርዎና ሳይጠይቁኝ ስለ ፈረዱልኝ ፍርድ ሁሉ በጥልቅ እያመሰገንሁ፣ የእርስዎ ታዛዥ፣ ለጊዜው ጎረቤትዎ፣

ማሪት ኮስኬላ
ቤት ቁጥር ፲፬

ማስታወሻ፦ ከወይዘሮ ኢርማ በኋላ በዚያው ምሽት እርስዎም ቆሻሻ ሊጥሉ በመጋዘኑ በኩል አልፈው ነበር። ያ ጥቁር ኮትዎ በስክሪኑ ላይ ከእኔ ነጭ ኮት ይልቅ ይነጣል፤ ቁመትዎም ማሽኑን ከጎተተው ሰው ጋር ይመሳሰላል። ምስሉን አልለጠፍሁትም። ሌባው እርስዎ ነዎት አላልሁም፣ አልልምም፤ እንዲህ ካለ ምስል የሰው ማንነት እንደማይታወቅ አውቃለሁና።